ዳዋ የወረሰውን ጓሮ ስለ ማጽዳት የሚነገሩ ግሶች

የአትክልት አያያዝ መመሪያዎችን ወደ አማርኛ የሚመልሱ ተርጓሚዎች፣ አረምን የሚመለከተውን ሥራ ሁሉ «ማጥፋት» ወይም «ማስወገድ» ሲሉት ይታያል። ቃላቱ ነውር የለባቸውም፤ ነገር ግን ሥራው በምን መሣሪያና በምን አኳኋን እንደሚፈጸም አይገልጹም። ባለ ጓሮው ግን ለየድርጊቱ የተለየ ግስ አለው። የግሶቹ ልዩነት የአሠራር ልዩነት መሆኑን ከዚህ በታች ለማሳየት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ቦታውን እንመልከት። ለብዙ ጊዜ የሰው እጅ ያልነካው ጓሮ «ዳዋ ወረሰው» ይባላል። ዳዋ የአንድ ተክል ስም አይደለም፤ ሣሩ፣ ቁጥቋጦውና ሐረጉ ተደባልቆ ቦታውን ሲሸፍነው የሚሰጠው መጠሪያ ነው። አረም ግን ሰው ከተከለው ተክል መካከል ሳይፈለግ የሚበቅል ነው። ስለዚህ አንዱን በሌላው ብቻ መፍታት አይበቃም።

ወደ ግሶቹ ስንመጣ፣ «መነጠረ» ቁጥቋጦን በገጀራ ወይም በመጥረቢያ ቈርጦ ቦታውን ገለጠ ማለት ነው። «ዐጨደ» ሲባል ላይኛው ክፍል በማጭድ ተቈርጦ ሥሩ በመሬት ይቀራል። «ነቀለ» ከነሥሩ አወጣ ነው። «ኰተኰተ» በተክሉ ዙሪያ ያለውን አፈር አላላ ማለት ሲሆን፣ በዚያው አረሙ ይነሣል። «አረመ» ደግሞ ከሁሉ ይለያል፤ የሚፈለገውን ካልተፈለገው ለይቶ፣ ያንን ትቶ ይህን ማስወገድን ያመለክታል። የጽሑፍን ስሕተት «አረመ» የምንለውም ከዚሁ የመለየት ሐሳብ ጋር ይስማማል።

ግሱ ሲሳሳት ሥራውም ይበላሻል። በአህያዋ ተረት የሚታወቀው ሰርዶ በምድር ገጽም ከምድር በታችም የሚሳብ ግንድ አለው፤ ተቈራርጦ አፈር ውስጥ የቀረው ቁራጭ አንጓ ካለው እንደገና ያቈጠቍጣል። ስለዚህ «ሰርዶውን ኰትኩት» የሚል ትርጕም ሰርዶውን ያባዛዋል፤ «ቈፍረህ ግንዱን ሳትቈራርጥ ልቀም» ቢባል ይሻላል። ከአሜሪካ አህጉር የመጣው የቅንጬ አረም፣ በሳይንስ ስሙ ፓርቴኒየም፣ ሌላ ጠባይ አለው። አንዱ ተክል ከ10,000 በላይ ዘር ሊሰጥ ስለሚችል፣ ሳያብብ መነቀል ይኖርበታል። «ዕጨድ» ከተባለ ከቀረው ሥር ያቈጠቍጣል፤ ዘሩ ከደረሰ በኋላ ከታጨደም ይረግፋል። ደግሞም የአንዳንድ ሰዎችን ቆዳ ስለሚያሳክክና ስለሚያቈስል፣ «ንቀል» ከሚለው ቃል ጋር «በጓንት» የሚለው መጨመር አለበት።

«መጤ» እና «ወራሪ» የሚሉትም ቅጽሎች መለያየት አለባቸው። «መጤ» የተክሉን መነሻ፣ «ወራሪ» ግን ጠባዩን ይናገራል። ድንች፣ በቆሎና በርበሬ መጤ ናቸው፤ ወራሪ የሚላቸው ግን የለም። ሰርዶ ነባር ሆኖ ሳለ የተተወ ጓሮን ይወርራል። የቅንጬ አረም መጤም ወራሪም ነው። እንግዲህ «መጤ ወራሪ ዝርያ» በሚለው ስያሜ ውስጥ ሁለቱ ቃላት ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ስለሚናገሩ፣ ለማሳጠር ሲባል አንዱ ሊጣል አይገባም።

ከዚህ በመነሣት መዝገበ ቃላት አዘጋጆች በእነዚህ ግሶች ፍች ላይ መሣሪያውንና በመሬት ውስጥ የሚቀረውን እንዲያመለክቱ፣ ተርጓሚዎችም ግስ ከመምረጣቸው በፊት ተክሉ በዘር ወይስ በግንዱ ቁራጭ እንደሚራባ እንዲያረጋግጡ እናሳስባለን። ባለ ጓሮው ዶማ ወይም ማጭድ የሚያነሣው በተጻፈለት ግስ ነውና።