የአስኳል ኮድ ምርመራና ስያሜዎቹ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በኮምፒዩተር ሥርዓተ ክወና አስኳል ውስጥ በሚገኙ የደኅንነት ሞጁሎች ላይ የኮድ ለውጥ ሲቀርብ እንዴት እንደሚመረመር ማስረዳትና ለሥራው የሚስማሙ የአማርኛ ስያሜዎችን ማመልከት ነው። ተርጓሚ የሥራውን አካሄድ ሳይረዳ ለቃሉ ብቻ አቻ ቢፈልግለት፣ ማን ምን እንደከለከለና ማን ለምን ኃላፊ እንደሆነ በትርጉሙ ውስጥ ይሰወራል። በምሳሌነት የምንወስደው ሊኑክስ የተባለውን አስኳል ነው፤ ኮዱም ሆነ የምርመራው ሂደት ለሁሉ ክፍት ነውና።

በእንግሊዝኛ «ከርነል» የሚባለውን አስኳል ማለታችን፣ ይህ ክፍል በሥርዓቱ መካከል ሆኖ የማኅደረ ትውስታን፣ የፋይሎችንና የመሣሪያዎችን አጠቃቀም ስለሚገዛ ነው። ማናቸውም ፕሮግራም ፋይል ለመክፈት ቢሻ አስኳሉን መጠየቅ አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2001 የአሜሪካ ብሔራዊ የደኅንነት ኤጀንሲ «ኤስ ኢ ሊኑክስ» የተባለውን የቁጥጥር ሥርዓት ለአስኳሉ አዘጋጆች ባቀረበ ጊዜ፣ ሊኑስ ቶርቫልድስ አንዱን ሥርዓት ብቻ ከመምረጥ ይልቅ ልዩ ልዩ ሞጁሎችን የሚያስተናግድ የጋራ መዋቅር እንዲሠራ ሐሳብ አቀረበ። መዋቅሩም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 በወጣው በ2.6 አስኳል ውስጥ ተካተተ። በዚህ መዋቅር መሠረት አስኳሉ አንድን ተግባር ከመፈጸሙ በፊት በተወሰኑ ቦታዎች ቆሞ ሞጁሉን ይጠይቃል። እንግሊዝኛው ይህን ቦታ «ሁክ» ይለዋል። ቃል በቃል «መንጠቆ» ብንለው የአንባቢው ሐሳብ ወደ ዓሣ አጥማጅ ይሄዳል። እኛ «ኬላ» የሚለውን እንመርጣለን፤ መንገደኛ የሚቆምበትና የሚጠየቅበት ቦታ ነውና። ጠባቂ ያልተመደበበት ኬላ መንገደኛውን እንደማይመልስ ሁሉ፣ ሞጁል ያልተመደበበት ኬላም ተግባሩን አያግድም።

እዚህ ላይ ተርጓሚው በብርቱ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነጥብ አለ። ሞጁሉ በኬላው 0 ቢመልስ «ፈቀደ» ማለት አይደለም፤ «አልከለከለም» ማለት ነው። የፋይል ፈቃድን በሚመለከት የአስኳሉ መደበኛ ሕግ ቀድሞ ስለሚጠየቅ፣ ያ ሕግ የከለከለውን ሞጁሉ ሊፈቅድ አይችልም። በአንድ ኬላ በርካታ ሞጁሎች ቢመደቡም በየተራ ይጠየቃሉ፤ የአንዱ ክልከላ ይበቃል። አማርኛችን «ፈቀደ» እና «አልከለከለም» የሚሉትን በግልጽ ስለሚለይ፣ ልዩነቱን የሚያጠፋ ትርጉም ቢገኝ ጥፋቱ የቋንቋው ሳይሆን የተርጓሚው ይሆናል።

ለውጡ የሚቀርብበት ሰነድ በእንግሊዝኛ «ፓች» ይባላል። «እራፊ» ለልብስ ይስማማ እንጂ፣ ይህ ሰነድ ቀዳዳ ከመድፈን አልፎ አዲስ ነገርም ስለሚጨምር አይበቃውም። የሚሰረዘውን መስመር በመቀነስ ምልክት፣ የሚገባውን በመደመር ምልክት እያሳየ የሚቀርብ ነው። አንቀጽ እየሰረዘ በሌላ የሚተካ የአዋጅ ማሻሻያ ለነጋሪት ጋዜጣ አንባቢ እንግዳ ስላልሆነ፣ «ማሻሻያ» የሚለው ስያሜ ይስማማዋል።

«ሪቪው» ለሚባለው ሥራ ሦስት ቃላት ይቀርባሉ። «ግምገማ» የሰውን ሥራና ጠባይ በስብሰባ ወደ መመዘን ያዘነብላል። «ክለሳ» የተጻፈውን መልሶ ማየት ነው። «ምርመራ» ግን የተሰወረውንም መፈለግ ነው። የደኅንነት ኮድ የሚሻው ይህንኑ ነው። አንድ እውነተኛ ምሳሌ እንጥቀስ፦ «ሪድቪ» እና «ራይትቪ» የተባሉት ጥሪዎች በአንድ ፋይልና በበርካታ የማኅደረ ትውስታ ስፍራዎች መካከል በአንድ ጊዜ ለማንበብና ለመጻፍ ያገለግላሉ። በተራው የማንበቢያና የመጻፊያ ጥሪ ላይ የነበረው የፋይል ፈቃድ ኬላ በእነዚህ ላይ እንዳልነበረ እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ ሆነ። ስለሆነም ሞጁሉ የሚጥለው ክልከላ በዚያ በኩል ሊታለፍ ይችል ነበር። ጉድለቱ በተሳሳተ መስመር ሳይሆን ባልተጻፈ መስመር ላይ ነበር። የተጻፈውን ብቻ የሚከልስ ሰው ይህን አያገኝም፤ መርማሪ ግን ወደ ፋይሉ የሚወስዱትን መንገዶች ሁሉ ቆጥሮ በእያንዳንዱ ላይ ኬላ መኖሩን፣ ጥያቄውም ከተግባሩ መቅደሙን ያጣራል።

በመጨረሻም በማሻሻያው ግርጌ የሰዎች ስም በልዩ ልዩ መስመር ይሰፍራል። «ሳይንድ ኦፍ ባይ» የሚለው ሰውየው ኮዱን የማቅረብ ወይም የማስተላለፍ መብት እንዳለው ያረጋግጣል እንጂ የኮዱን ትክክለኛነት አይመሰክርም፤ «ያስተላለፈ» እንለዋለን። «አክድ ባይ» ብዙውን ጊዜ ለውጡ የሚነካው ክፍል ኃላፊ መስማማቱን ይገልጻል፤ ሙሉ ምርመራ አድርጓል ማለት ስላልሆነ «የተስማማ» ይባል። «ቴስትድ ባይ» «የሞከረ» ነው። «ሪቪውድ ባይ» ግን «የመረመረ» ነው፤ ሰውየው ኮዱን በሙያ ዓይን እንዳየ፣ ያሳሰበውንም ለአቅራቢው እንደገለጸና ለመግባት ብቁ ነው ብሎ እንደሚያምን ያስታውቃል። እርሱም ቢሆን ዋስትና አይሰጥም።

አራቱንም «ያጸደቀ» ብሎ መተርጐም ቀላል ነው፤ ለጆሮም ይስማማል። ነገር ግን የተስማማውን መርማሪ፣ ያስተላለፈውን ዋስ ያደርገዋል። ስሕተት ተገኝቶ የኃላፊነት ጥያቄ በሚነሣበት ጊዜ፣ የአማርኛው አንባቢ ማንም ያልሰጠውን ቃል እንደተሰጠ አድርጎ ይይዛል። የሊኑክስ አዘጋጆች አዲስ የደኅንነት ሞጁል ከመቀበላቸው በፊት ከምን እንደሚጠብቅና በምን ጊዜ እንደሚያገለግል በጽሑፍ እንዲገለጽላቸው ይጠይቃሉ። እኛም ለምናቀርበው ስያሜ ሁሉ ይህንኑ ጥያቄ ብናቀርብ ይበጃል እንላለን፤ ስያሜው ምን ይላል ብቻ ሳይሆን፣ ምን አይልም ብለን እንመርምር።