ለኮዬ ፈጬ ጓሮ የትኛው ድንች ያዋጣል?

ኮዬ ፈጬ በኮንዶሚኒየሞቹ መካከልና በአጥር ጥግ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ የሚያለማ ነዋሪ ጥቂት አይደለም። ድንች የሚሞክሩም አሉ። ብዙ ጊዜ ታዲያ ዘሩ የሚመጣው ከአስቤዛ ነው፤ ፌስታል ውስጥ ከርሞ ያቆጠቆጠው ድንች ለሁለት ተቆርጦ ይተከላል። ገንዘብ ያልወጣበት ይመስላል እንጂ፣ በእኔ ስሌት ወደ ጓሮ ከሚገባው ነገር ሁሉ ውዱ እሱ ነው።

በ10 ካሬ ሜትር መደብ እናስላው። ድንች በመስመር መካከል 75፣ በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር እየተራራቀ ሲተከል 44 ያህል ተክል ይይዛል። ለዚህ ሁለት ኪሎ ገደማ ዘር ይበቃል። የአገራችን ገበሬ አማካይ ምርት በሄክታር 140 ኩንታል አካባቢ ነው፤ ወደ መደባችን ስናወርደው 14 ኪሎ። የተሻሻለ ዝርያ በንጹህ ዘር ተተክሎ ጥሩ እንክብካቤ ሲያገኝ ግን በሄክታር 300 ኩንታል ይሰጣል፤ ማለትም 30 ኪሎ። ቦታው ሳይጨምር ልዩነቱን ከእንክብካቤው ጋር የሚያመጣው ያ ሁለት ኪሎ ነው። በዚያ ላይ ምንጩ ያልታወቀ ዘር ተክሉን አረንጓዴ እንደሆነ የሚያጠወልገውን የባክቴሪያ በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። በሽታው አፈር ውስጥ ይከርማል፤ ቲማቲምና ቃሪያንም አይምርም። ሰፊ መሬት ያለው ገበሬ ሰብል እያፈራረቀ ጉዳቱን ይቀንሳል፣ 10 ካሬ ያላት እናት ግን ወዴት ትሸሻለች?

ወደ ዝርያው እንምጣ። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2002 ጃለኔን፣ በ2006 ጉደኔን፣ በ2009 በለጠን ለቋል። ሦስቱም የተመረጡት መቀመጫው ፔሩ ከሆነው ዓለም አቀፍ የድንች ማዕከል ከመጡ ዝርያዎች ነው። ከተመረጡባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ በክረምት ቅጠሉን አጥቁሮ ማሳውን በቀናት የሚያነደውን በሽታ መቋቋማቸው ነው፤ አየርላንድን ከ1845 ጀምሮ በረሃብ የፈጀው ይኸው በሽታ ነበር። የተቋቋመ ዝርያ የኬሚካል ርጭት ይቀንሳል፤ ልጆች በሚሯሯጡበት ግቢ ደግሞ ይህ ከገንዘብም በላይ ነው።

የእነዚህ ዝርያዎች ችግር ጊዜ ነው። ለመድረስ አራት ወር ገደማ ይፈልጋሉ። ሻሸመኔ አካባቢ ነጭ አበባ የሚባለው የቆየ ዝርያ በምርትም በበሽታም እየተበለጠ ከገበሬው እጅ ያልወጣው በሦስት ወር ስለሚደርስና ነጋዴው ስለሚፈልገው ነው። ገበሬውን በዚህ የሚወቅሱ ባለሙያዎች አሉ፤ እኔ ግን ስሌቱን ትክክል ነው እላለሁ። አንድ ወር ቀድሞ የተለቀቀ መሬት ሌላ ሰብል ይይዛል፣ ቀድሞ የደረሰ ድንችም ገበያው ሳይጥለቀለቅ ይሸጣል። በኩንታል ብቻ የሚለካ ምክር ይህን አያይም።

የኮዬና የአቃቂ መሬት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ቀድሞ ጤፍና ሽምብራ ያበቅል የነበረው መረሬ አፈር ክረምት ላይ ውኃ ይቋጥራል፤ ድንች እዚያ ውስጥ ይበሰብሳል። ስለዚህ በሰኔ የሚተክል ሰው መደቡን ከፍ አድርጎ ውኃ መውረጃ ማበጀትና በሽታ የሚቋቋመውን፣ እንደ በለጠ ያለውን፣ መምረጥ አለበት። ዝናብ ከወጣ በኋላ በጥቅምት ለሚተክል ግን እኔ ቶሎ የሚደርሰውን እመርጣለሁ። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ያሰጋል፤ ውኃውም በፈረቃ ነው። ድንች አበባ አውጥቶ ኮረት በሚይዝበት ጊዜ ከተጠማ ምርቱ ያሽቆለቁላል፣ ስለዚህ የሚጠጣባቸው ሳምንታት ባነሱ ቁጥር ይሻላል። ጀሪካን ሞልቶ ፎቅ ለሚያወጣ ቤተሰብ እያንዳንዱ ሳምንት ወጪ ነው።

ወጥ ቤቱም ይቁጠር። ለአልጫ ቅርጹን የሚይዝ ድንች ይፈለጋል፤ መንገድ ዳር ቺፕስ የምትጠብስ ሴት ደግሞ ውኃው ያነሰውን ትፈልጋለች፣ ዘይት አይመጥም። መለየቱ ቀላል ነው፦ በ11 ስኒ ውኃ ውስጥ አንድ ስኒ ጨው አሟሙቶ ድንቹን መጨመር። ደረቁና ዱቄታሙ ይሰምጣል፣ ውኃማው ይንሳፈፋል። የዘይት ዋጋ እዚህ በደረሰበት ጊዜ ይህ ፈተና ከጥብስ ሥራ በፊት መደረግ ያለበት ነው።

አቀማመጡም እንዲሁ። የሚበላው ጨለማ ውስጥ ይቀመጥ፤ ብርሃን አግኝቶ አረንጓዴ የሆነ ድንች ይመርራል፣ ይመርዛልም። ለዘር የሚቀረው ግን ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው፣ ነፋስና ስስ ብርሃን ያለበት መደርደሪያ ላይ ይዘርጋ፤ ቡቃያው አጭርና ጠንካራ ይሆናል። እንቅልፉ ረጅም የሆነ፣ ማለትም ቶሎ የማያቆጠቁጥ ዝርያ ለማስቀመጥ ይመቻል፣ በዓመት ሁለቴ ለመትከል ለሚያስብ ግን በጊዜው አይነቃም።

ጥሩ ዘር ምዕራብ ሸዋ ውስጥ አለ፤ ጀልዱ ላይ በዚሁ የሚተዳደሩ ገበሬዎች አሉ። ችግሩ ዘሩ የሚሸጠው በኩንታል፣ ጓሮው የሚፈልገው ደግሞ በኪሎ መሆኑ ነው። አንድ ኩንታል ዘር ለ50 ባለ 10 ካሬ መደቦች ይበቃል። ሁለት ብሎኮች በኮሚቴያቸው በኩል ገንዘብ አዋጥተው አንድ ኩንታል ቢያስመጡ፣ የክፍለ ከተማው የከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤትም ዘሩ ከየት እንደመጣና ጤንነቱ በባለሙያ መታየቱን ቢያረጋግጥላቸው፣ ለየቤቱ የሚደርሰው ወጪ የሁለት ኪሎ ዘር ዋጋና ትንሽ የትራንስፖርት ድርሻ ነው።