ሞተሩ ቀለለ፣ ኪሳችንም ቀለለ!

በዚህ አምድ ስለ ፍቅር፣ ስለ ትዳርና ስለ ገንዘብ አያያዝ ነበር የምንጨዋወተው። ዛሬ ግን ስለ ሞተር ላወራችሁ ነው። “ይሄ ሰውዬ ደግሞ መቼ ነው መካኒክ የሆነው?” እንዳትሉኝ። አልሆንኩም! መካኒክ ሳልሆን እንደ መካኒክ መክሬ ነው አንድ ወዳጄን ለወጪ፣ ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎችን ደግሞ ለዓባይ በረሃ ሐሩር የዳረግኩት። በእኛ የደረሰ በእናንተ አይድረስ ብዬ ነው ብዕሬን ያነሳሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወዳጄ ከአባቱ የወረሳት አንዲት ላንድ ክሩዘር አለችው። ቶዮታ ከ1980 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. ያመረታት፣ “60” የምትባለዋ ረዥሟ ስቴሽን ዋገን ናት። ኮፈኗ ሲከፈት 4.2 ሊትር የሆነ ባለ ስድስት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ቤቱን ሞልቶ ተኝቷል። መካኒኮች 2ኤፍ ይሉታል። ብሎኩም ቴስታታውም ብረት ነው። እንደዚህ ዓይነቱ ሞተር ቶሎ አይሞትም። ግን ይጠጣል! ከተማ ውስጥ በአንድ ሊትር አምስት ኪሎ ሜትር ከሄደችለት ወዳጄ “ዛሬስ ደግ ዋለች” ይላል።

በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የነዳጅ ድጎማው ቀስ በቀስ መነሳት ሲጀምር ልጁ መኪናዋን ግቢ አቁሞ በታክሲ መመላለስ ጀመረ። እንዳይሸጣት የአባት ቅርስ ናት። እንዳይነዳት ደሞዙን ትጨርሳለች። አንድ ቀን ማኪያቶ እየጠጣን “ምን ባደርግ ይሻለኛል?” አለኝ። እኔ ሆዬ፣ አፌን ሞልቼ “ይሄ ምን ችግር አለው? ቀለል ያለ ሞተር አስገባባት!” አልኩት። አልቆየም፣ በሳምንቱ ሶማሌ ተራ ተገኘን።

ሶማሌ ተራን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ደላላው ገና ከሩቅ ሲያያችሁ የኪሳችሁን ልክ ይገምታል። ከሚኒባስ የወረደ 3ኤል የናፍጣ ሞተር አሳየን። አራት ሲሊንደር፣ 2.8 ሊትር። “ይሄማ ላባ ነው! በናፍጣ ሽታ ብቻ ይሄዳል” አለን። አመንነው። በአራተኛው ቀን ያ የብረት ግንድ ወጥቶ ትንሹ ሞተር ገባ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሠርግና ምላሽ ነበሩ። ፊቷ ላይ የነበረው ሸክም ስለተቀነሰ መሪዋ ቀለለ፣ አፍንጫዋም ቀና አለ። በአንድ ሊትር አምስት ኪሎ ሜትር የነበረው ዘጠኝ ገባ። ወዳጄ በየሄደበት “የእሱ ምክር ነው” እያለ ስሜን ሲያነሳ እኔም ደረቴን ነፋሁ። ፍሬኗ ትንሽ ጠንከር ማለቱን አስተውሎ ነበር። ባለ ጋራዡ ግን “ሸራው አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለምዳል” አለው። እሱም ለመደው።

አይሱዙ ላይ የመጡ ሽማግሌዎች

በ2015 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ ወዳጄ ሽማግሌ ሊልክ ተነሳ። የልጅቷ ቤተሰቦች ደብረ ማርቆስ ናቸው። አጎቱንና ሌሎች ሁለት ትልልቅ ሰዎችን ይዘን፣ ጥሎሹ ባይሆንም የመንገድ ጓዛችንን ጭነን ጉዞ ጀመርን። እሱ ራሱ ሽማግሌ ፊት መቅረቡ ነውር ስለሆነ ከተማው ዳር አውርዷቸው ሊቀር ነው እቅዱ።

እስከ ጎሃ ጽዮን ድረስ ሰላም ነበር። ቁልቁለቱ ሲጀምር ነው ጉዱ የመጣው። ትንሹ ሞተር እንደ ድሮው መኪናዋን በማርሽ ገትሮ አይይዝም። ፍሬኑ ደግሞ ሲረገጥ እንደ ድንጋይ ነው። ወዳጄ በሁለት እግሩ እየረገጠ፣ አጎትየው ከኋላ ዳዊታቸውን እየደገሙ፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ድልድዩ ደረስን።

“ተመስገን፣ ከዚህ በኋላ ዳገት ነው” አልን። ምን ዋጋ አለው! ከድልድዩ እስከ ደጀን ያለው ዳገት ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ የሚያስወጣ ነው። በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቅን ግማሹን እንደወጣን የሙቀት መለኪያው ቀይ ላይ ወጣ። ቆመን ውኃ ጨመርን። እንደገና ወጣ። በሦስተኛው እንፋሎቱ ኮፈኑን ሸፈነው፣ ሞተሩም ጸጥ አለ። የበረሃው ፀሐይ አናት ይበሳል። ሽማግሌዎቻችን ነጭ ጋቢያቸውን እንደ ጥላ ዘርግተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አጎትየው ወዳጄን በርኅራኄ አዩትና “ልጄ፣ በሬ ስትገዛም ጥርሱን ሳታይ ነው?” አሉት። እሱ አቀረቀረ። ጥያቄው ለእኔ መሆኑን ያወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ሽማግሌዎቹ ሲመሽ በአንድ ደግ ሾፌር አይሱዙ ተሳፍረው ደብረ ማርቆስ ገቡ። ቀጠሮው የረፋድ ነበር። ወዳጄ ያን ሌሊት “አባቷ እንደተናቁ ቢቆጥሩትስ?” እያለ እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር አነጋ።

ጥፋቱ የት ላይ ነበር?

በማግስቱ ያየልን አንድ አዛውንት መካኒክ ኮፈኑን ከፍተው ገና እንዳዩ ሳቁ። “ሞተሩ ምንም አላጠፋም” አሉን። ነገሩን እንዲህ አስረዱን። ሞተር ከኋላ ከካምቢዮው ጋር ይታሰራል። ባለ አራት ሲሊንደሩ ከባለ ስድስቱ አጭር ስለሆነ ፊቱ ወደ ኋላ ይቀራል። የእኛ ቬንቲላተር ከራዲያተሩ ከአንድ ስንዝር በላይ ርቆ ባዶ አየር ነው ሲያማስል የነበረው። ከተማ ውስጥ አያስታውቅም። ዳገት ላይ ግን መኪናዋ ቀስ ስትል ነፋስ የለ፣ ሞተሩ ይቀቀላል።

ፍሬኑስ? የቤንዚን ሞተር ሲሠራ በራሱ የሚፈጥረው የመሳብ ኃይል አለ፤ ፍሬን የሚያቀለው እሱ ነው። የናፍጣ ሞተር ይሄ የለውም። ለዚህ ብሎ 3ኤል ከዲናሞው ጋር የተያያዘች ትንሽ ፖምፓ አለችው። ባለ ጋራዡ የሞተሩን ዲናሞ ትቶ የመኪናዋን የድሮ ዲናሞ ስለገጠመ ፖምፓዋ አብራ ቀረች። አስቡት እንግዲህ፣ ሦስት ወር ሙሉ በእግር ጉልበት ብቻ ነበር ስንቆም የኖርነው!

ወጪው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ጓርኒሲዮኑ ተበልቷል፣ ቴስታታውም ተጣሟል። ለሠርጉ ከተቀመጠው ገንዘብ ተቀንሶ ተከፈለ። ከዚያ ወዲህ መካኒኮች ዘንድ እየሄድኩ መጠየቅ ሥራዬ ሆነ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም አይደል የሚባለው? እኔ ጠምጥሜ ነው የተማርኩት። እናንተ ግን ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን ነገሮች አስቡባቸው።

አንደኛ፣ መኪናዋ ምን እንደምትሠራ ወስኑ። ብቻችሁን ወይም ሁለት ሆናችሁ ከተማ ውስጥ ለመመላለስ ከሆነ ትንሽ ሞተር ይበቃችኋል። ሰባት ሰው ጭናችሁ አገር ቤት የምትወጡ ከሆነ አይበቃችሁም። ሞተሩ ቢቀልም መኪናዋ አልቀለለችም። ባዶዋን ወደ ሁለት ቶን ትመዝናለች።

ሁለተኛ፣ በፈረስ ጉልበት ብቻ አትታለሉ። ዳገት የሚያወጣው በዝቅተኛ ዙር የሚገኘው የማዞር ጉልበት ነው። ነባሩ 2ኤፍ ከ270 ኒውተን ሜትር በላይ አለው። 3ኤል 190 ያህል ነው። ታላቅ ወንድሙ 5ኤል ሦስት ሊትር ቢሆንም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሁለቱም የሃይሉክስና የሚኒባስ ሞተሮች ስለሆኑ መለዋወጫቸው በየቦታው ይገኛል፣ ጠባያቸውንም ሁሉም መካኒክ ያውቀዋል። 1ኬዜድ የሚባለው ደግሞ ሦስት ሊትር፣ አራት ሲሊንደርና ባለ ቱርቦ ሲሆን ከ280 በላይ ይሰጣል። ቀላልም ብርቱም ነው ማለት ነው። ነገር ግን ቴስታታው አሉሚኒየም ነውና ሙቀት አይወድም። ማቀዝቀዣው ካልተስተካከለ ይሰነጠቃል። 1ኤችዜድ የተባለው ባለ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ጠንካራና የላንድ ክሩዘር ዘመድ ነው፣ ግን ስድስት ሲሊንደር ስለሆነ ክብደት ለመቀነስ ብላችሁ አትግዙት።

ሦስተኛ፣ ከፍታችንን አትርሱ። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአምስት እጅ አንዱን ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በወረቀት ላይ የተጻፈለትን ጉልበት እዚህ አያገኝም። ሰበታና ሱሉልታ ላይ የሚያቃስት ሞተር ጥፋቱ ሁልጊዜ የመካኒኩ አይደለም። ባለ ቱርቦው ግን አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ይሄን ጉድለት በከፊል ይሞላል።

አራተኛ፣ ሞተር ብቻውን አይገባም። ከባለ ጋራዡ ጋር ዋጋ ስትነጋገሩ እነዚህን በጽሑፍ አስፍሩ፦ ቬንቲላተሩ ራዲያተሩ አጠገብ መድረሱን፣ ነፋሱን የሚሰበስበው ሽፋን መታሰሩን፣ ለፍሬኑ ፖምፓ መኖሩን፣ ካምቢዮው የሞተሩ ነው ወይስ የመኪናዋ የሚለውን። ከቤንዚን ወደ ናፍጣ ከሆነ የነዳጅ ታንከሩ መታጠብ አለበት፣ የናፍጣ መመለሻ መስመርም ያስፈልጋል። ባሌስትራውም ለከባድ ሞተር የተሠራ ስለሆነ ፊቷ ከፍ ይላል፣ የፊት መብራቱም የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል። መብራቱን አስተካክሉት።

አምስተኛ፣ ሊብሬ! ሊብሬው ላይ የሻንሲ ብቻ ሳይሆን የሞተር ቁጥርም አለ። ሞተሩ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ሕጋዊ ሰነድ ሳትይዙ ገንዘብ አትክፈሉ። ያለዚያ በዓመታዊ ምርመራው ቀን ወይም መኪናዋን ለመሸጥ ስትነሱ ታለቅሳላችሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

ስድስተኛ፣ ሒሳብ ሥሩ። የወዳጄን ማስታወሻ ደብተር ልጥቀስላችሁ። በወር 500 ኪሎ ሜትር ይነዳል፣ በዓመት 6,000 ማለት ነው። በድሮው ሞተር 1,200 ሊትር፣ በአዲሱ 667 ሊትር ገደማ ይፈልጋል። የሚተርፈው 533 ሊትር ነው። ይሄን በዕለቱ የነዳጅ ዋጋ አባዙትና ከሞተሩ፣ ከጋራዡና ከሰነዱ ወጪ ጋር አስተያዩት። ስንት ዓመት ይፈጅበታል? ትንሽ የምትነዱ ከሆነ ነባሩን ሞተር ማሳደስ ሊሻላችሁ ይችላል። ካርቡራተሩ ቢስተካከል፣ ባልቮላው ቢለካ፣ ካንዴላው ቢቀየር ስካሩ ይቀንሳል። በተለይ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ በእጃችሁ ያለችውን አሮጌ መኪና ማበላሸት እንደ ዱሮው በሌላ የሚተካ ስሕተት አይደለም።

የወዳጄስ መጨረሻ? ራዲያተሩን ወደ ፊት አስጠግቶ ቬንቲላተሩ ጋ አገናኘው። የፍሬን ፖምፓዋ ያለችበትን ዲናሞም አስገጠመ። መኪናዋ ዛሬም አለች። በከተማና እስከ ቢሾፍቱ ታማኝ ናት። ዓባይ በረሃን ግን አታያትም፣ እሷም አታየውም።

ሠርጉ በዚያው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ተደረገ። ደብረ ማርቆስ የሄድነው በአውቶቡስ ነው። ሙሽሪትን “አባትሽ እንዴት እሺ አሉ?” ብዬ ብጠይቃት ሳቀችና “ከአይሱዙ ላይ አቧራ ለብሶ የወረደ ሽማግሌ እንዴት ብሎ እምቢ ይባላል?” አለችኝ። ወዳጄ እስከ ዛሬ ጥፋቱን በእኔ አሳብቦ አያውቅም። እኔ ግን ሰው “ምን ባደርግ ይሻለኛል?” ሲለኝ፣ አፌን ከመሙላቴ በፊት “ምን ልትሠራበት ነው?” ብዬ መጠየቅ ጀምሬያለሁ።

ቸር ሰንብቱ!