ድርቅን ከሰማይ ማየት ስንት ያወጣል?

የጠፈር ምርምር የሕዝብ ገንዘብ ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለው ክርክር እጅግ የጋለው አሜሪካ ሰውን ጨረቃ ላይ ለማሳረፍ በተነሣችበት በአፖሎ መርሐ ግብር ዘመን ነበር። መርሐ ግብሩ 25 ቢሊዮን ዶላር ያህል የፈጀ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የጠፈር መሥሪያ ቤቱ ናሳ ከአገሪቱ የፌዴራል በጀት ከ4 በመቶ በላይ የሚሆነውን ወስዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1969 አፖሎ 11 ልትመጥቅ ስትል፣ የማርቲን ሉተር ኪንግ የትግል ጓድ የነበሩት ቄስ ራልፍ አበርናቲ በበቅሎ የሚሳቡ ጋሪዎች አስከትለው ወደ ማስወንጨፊያው በመሄድ፣ ድሀው ጦሙን እያደረ ይህን ያህል ሀብት ወደ ሰማይ መላኩን ተቃወሙ። ይህ ተቃውሞ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ነገር ግን “ጠፈር ወይስ እንጀራ” ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሰውን ወደ ጨረቃ መላክና ምድርን ከላይ ሆኖ መቃኘት፣ ወጪያቸውም ጥቅማቸውም ፈጽሞ የማይገናኝ ሆኖ ሳለ፣ በአንድ ሚዛን ላይ ይወድቃሉ። ለድሀ አገር ክርክሩ የሚፈተነው በሁለተኛው ነው፤ ለዚህም ከድርቅ ቅድመ ማስጠንቀቂያ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

የአሠራሩ መነሻ ቀላል የተፈጥሮ ሕግ ነው። ለምለም ቅጠል አረንጓዴነቱን የሚሰጠው ሐመልሚል የተባለው ንጥረ ነገር ቀዩን ብርሃን ሲመጥ፣ የቅጠሉ ውስጣዊ አሠራር ደግሞ ከቀዩ ቀጥሎ ያለውን፣ የሰው ዐይን የማያየውን ታኅተ ቀይ ብርሃን አብዝቶ ይመልሳል፤ ቅጠሉ በውኃ ጥም ሲጠወልግ ይህ ልዩነት ይጠብባል። ከላይ የሚያልፍ ሳተላይት ሁለቱን ብርሃኖች ለይቶ ከለካ፣ ልዩነታቸው ለድምራቸው ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር የመሬቱን የልምላሜ መጠን ያሳያል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሥራውን ለረጅም ዓመታት የሠራው መሣሪያ ለሣርም ለሰብልም ታስቦ ያልተሠራ መሆኑ ነው፤ መሣሪያው የአሜሪካ የሚቲዮሮሎጂ ሳተላይቶች ደመናንና የባሕርን ሙቀት እንዲከታተሉበት የተገጠመ ሲሆን፣ ኮምፕተን ታከርን የመሰሉ የናሳ ተመራማሪዎች ናቸው ከዚያው መረጃ የአፍሪካን የግጦሽ መሬት ሁኔታ ማንበብ እንደሚቻል ያሳዩት። የምርምርን ዋጋ አስቀድሞ በገበያ ሚዛን መመዘን የማይቻለው ስለዚህ ነው።

ይህ ዕውቀት ወደ ቋሚ ሥራ እንዲለወጥ ያስገደደው በኢትዮጵያ የደረሰው የ1977ቱ ረሃብ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ያ እልቂት እንዳይደገም በማሰብ እ.ኤ.አ. በ1985 የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት አቋቋመ፤ ሥርዓቱ የልምላሜውን መለኪያ ከዝናብ መጠን፣ ከእህል ዋጋና ከከብት ዋጋ ጋር እያገናዘበ፣ የትኛው አካባቢ ከወራት በኋላ ሊራብ እንደሚችል ይተነብያል። ይሁን እንጂ እውነቱ ሙሉ ይሁን ከተባለ፣ በ1977 የጠፋው መረጃ ብቻ አልነበረም። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ለለጋሾች ጥሪ አቅርቦ የነበረ ሲሆን፣ ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት ለማክበር ሲሰናዳ፣ ለጋሾችም ሲያመነቱ፣ ወሎና ትግራይ አለቁ።

ያው ድካም ሳተላይት በበዛበት ዘመንም ተደግሟል። እ.ኤ.አ. በ2010 አጋማሽ ላይ በምሥራቅ አፍሪካ ዝናብ እንደሚያጥር ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ፣ በሶማሊያ ረሃብ መግባቱ በይፋ የታወጀው ግን በሐምሌ 2011 ነበር፤ በኋላ በተደረገ ጥናት 260,000 ያህል ሰው እንዳለቀና ግማሹ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እንደነበሩ ተገመተ። በአንጻሩ በ2008 ዓ.ም. ኤልኒኖ ያስከተለው ድርቅ ኢትዮጵያን ሲመታ፣ አስቸኳይ የምግብ ዕርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን ቢደርስም፣ የተረጂው ቁጥር በጊዜ ስለታወቀና እህል ስለተንቀሳቀሰ እንደ 1977ቱ ያለ እልቂት አልደረሰም። ሳተላይቱ በሁለቱም ጊዜ አይቷል፤ የተለያየው ከታች የተሰጠው ምላሽ ነው።

መረጃው ከመንግሥት ጠረጴዛ አልፎ በቀጥታ ወደ ባለጉዳዩ የሚደርስበት መንገድም ተገኝቷል። በቦረና እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የተሞከረው የከብት መድን፣ የሞተውን ከብት አንድ በአንድ ከመቁጠር ይልቅ፣ ከሳተላይት የተለካው የግጦሽ ልምላሜ ከተወሰነ ደረጃ በታች ሲወርድ ለአርብቶ አደሩ ካሳ የሚከፍል ነው። አርብቶ አደሩ መንጋው ሳያልቅ መኖ ገዝቶ ዘሩን ማትረፍ ይችል ዘንድ፣ በመቶዎች ከሚቆጠር ኪሎ ሜትር ከፍታ የተወሰደ ልኬት ያገለግለዋል ማለት ነው።

ኢትዮጵያ ራሷ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. 72 ኪሎ ግራም የምትመዝነውን የመጀመሪያዋን የምድር ምልከታ ሳተላይት ከቻይና ስታመጥቅ፣ ወጪው 8 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሆኖ 6 ሚሊዮኑን የሸፈነችው ቻይና ነበረች። የተሻለ ጥራት ያላቸው የአውሮፓ ሳተላይት ምስሎች ለማንም በነጻ በሚሰጡበት ዘመን፣ ይህች ሳተላይት በምስሎቿ ብቻ ወጪዋን ትመልሳለች ማለት ይከብዳል። ዋናው ትርፍ በንድፏና በቁጥጥሯ የተሳተፉት፣ ከእንጦጦ ጣቢያ መረጃዋን መቀበልና መተንተን የተማሩት ባለሙያዎች ናቸው፤ የሌላው ምስል በነጻ ቢገኝም የሚያነበው ሰው በነጻ አይገኝምና። ደግሞም የነጻው ነገር ዋስትና የለውም፦ እ.ኤ.አ. በ1985 የተቋቋመው ያ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ራሱ፣ አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ባቋረጠችበት በ2025 መጀመሪያ ላይ ለወራት ሥራው ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ ለሚቀጥለው ሳተላይት በጀት ሲጠየቅ፣ ምስሉን የሚተረጉመው ተንታኝ፣ ትንበያውን ወደ ወረዳ የሚያደርሰው የግብርና ባለሙያና በመጠባበቂያ የሚቀመጠው እህል በዚያው ሰነድ ላይ ከነዋጋቸው ሊሰፍሩ ይገባል።