አውራ ጣት ያረፈበት ወረቀት

ደብረ ማርቆስ፣ ቶናው ተቀድቷል። ጎረቤታችን ከመቀነታቸው የተጣጠፈ ወረቀት ፈትተው ረከቦቱ ዳር ዘረጉት። "እስቲ አንብብልኝ ልጄ፤ ይኸ ያስከፍለኛል?" ለማኅበርተኛቸው ለበሬ መግዣ 30,000 ብር አበድረዋል። ሁለት ምስክሮች ፈርመዋል። ከግርጌው የተበዳሪው አውራ ጣት በእስክሪብቶ ቀለም ደምቆ ታትሟል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472 ከ500 ብር የሚበልጥ ብድር በሰው ምስክር አይረጋገጥም ይላል፤ ወይ ጽሑፍ፣ ወይ ፍርድ ቤት ቀርቦ ማመን ወይም መማል ያስፈልጋል። (500 ብር ዛሬ ለፋሲካ ደህና አውራ ዶሮ አይገዛም፤ ሕጉ ላይ ግን ተጽፎ ቀርቷል።) "ሲቀበል አሥር ሰው አይቷል" የትም አያደርስም። ስለዚህ ወረቀት መያዛቸው ደግ ነው። ችግሩ ጣቱ ላይ ነው።

ተበዳሪው ማንበብና መጻፍ አይችሉም። እኛ ዘንድ አሻራ ከፊርማ ይበልጣል፤ ፊርማ ይመሰላል፣ ጣት አይመሰልም ነው ነገሩ። ሕጉ የሚፈራው ሌላ ነው፦ ለሰውየው ማን አነበበላቸው? 10 ሺህ ተብለው 30 ሺህ ላይ ቢያትሙስ? በቁጥር 1728 መሠረት ማንበብ የማይችል ወይም ዐይነ ስውር ሰው በአሻራው የሚገደደው ውል አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ሲያረጋግጠው ነው። የጎረቤት ተማሪ ቢያነብላቸው አይበቃም። ተበዳሪው ብድሩን ካመኑ ነገር የለም፤ የካዱ ዕለት ነው ጣጣው።

ወለድስ ብላቸው "ኧረ ኃጢአት ነው!" አሉኝ። ለሚያስከፍል ግን የሕጉ ጣሪያ በዓመት ከመቶ 12 ነው፤ ከ9 በላይ ከሆነም በጽሑፍ መስማማት ግድ ነው።

የሚረሳው መክፈሉ ነው። ያው ቁጥር 2472 ለተመለሰ ገንዘብም ይሠራል። ሰው ጤፉን ሸጦ፣ ገበያ መሐል ቆጥሮ አስረክቦ፣ "እግዜር ይስጥልኝ" ተባብሎ ይለያያል፤ ወረቀቱ ግን አበዳሪው ሳጥን ውስጥ ተኝቷል። አበዳሪው ይሞታል፣ ወራሾች ሳጥኑን ይከፍታሉ። የይርጋው ዘመን 10 ዓመት ነውና ክሱ ከስንት ዓመት በኋላ ሊመጣ ይችላል። የከፈለው ሰው ያኔ "በማርቆስ ታቦት!" ቢል ማን ይሰማዋል? ሲከፍል ወረቀቱን መቀበል ወይም "ተቀብያለሁ" የሚል ጽሑፍ ማስፈረም ነበረበት። በባንክ ማስገባትም አሻራ ይተዋል፤ ይኼኛው ማረጋገጫ አይጠይቅም።

"እንግዲህ ውል አዋዋይ ዘንድ እንሂድ ብለው አላመነችኝም ይለኛል" አሉ፣ ስኒያቸውን እያስቀመጡ። ይሉኝታ ከሕጉ ይከብዳል።

"ለእሳቸውም ነው ይበሏቸው። ሲከፍሉም እዚያው ያስጽፋሉ።"

ጥቂት አሰቡ። ወረቀቱን አጥፈው መቀነታቸው ላይ ቋጠሩት። "ሰኞ መታወቂያውን ይዞ ይምጣ ብዬ እልክበታለሁ። በረካውን ቅጂልኝ አንቺ።"