የሙዚቃ መሪው ለሥራ አስኪያጆች የሚሸጡት ምንድን ነው?

በኦርኬስትራ ፊት ቆሞ በትር የሚያወዛውዘውም፣ በድርጅት ወንበር ላይ ተቀምጦ ውሳኔ የሚሰጠውም በአማርኛ አንድ ስም አላቸው፤ ሁለቱም መሪ ይባላሉ። ይህ ዝምድና በውጭው ዓለም ራሱን የቻለ ገበያ ሆኗል። ዕድሜያቸውን በሙዚቃ ያሳለፉ ባለሙያዎች ኩባንያዎች በሚያዘጋጁት ጉባኤ ላይ እየተገኙ ስለ ሥራ አመራር ይናገራሉ፤ ለንግግራቸውም ይከፈላቸዋል። አነቃቂ ንግግርና የአመራር ሥልጠና በአዲስ አበባ ሆቴሎች አዳራሽም የተለመደ ሆኗልና፣ ገንዘቡን የሚያወጣው ድርጅት በምላሹ የሚያገኘው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ የእኛንም ነጋዴ ይመለከታል።

በዚህ ሥራ በስፋት ከሚታወቁት አንዱ ሚስተር ቤንጃሚን ዛንደር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1939 በእንግሊዝ አገር የተወለዱት ሚስተር ዛንደር በልጅነታቸው ቼሎ የተባለውን ባለ አውታር መሣሪያ ተምረው፣ በ15 ዓመታቸው ከቤት ወጥተው በስፔናዊው የቼሎ ሊቅ በጋስፓር ካሳዶ ሥር ሠልጥነዋል። ወደ አሜሪካ ከተሻገሩ በኋላ ከ1967 ጀምሮ በቦስተን በሚገኘው የኒው ኢንግላንድ ኮንሰርቫቶሪ ከ40 ዓመታት በላይ አስተምረዋል። በ1979ም የቦስተን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራን መሥርተዋል። ኦርኬስትራው በሙዚቃ የሚተዳደሩ ባለሙያዎችን፣ ተማሪዎችንና ሌላ ሥራ ይዘው ለፍቅሩ የሚጫወቱ ሰዎችን አንድ ላይ ያሰለፈ ነው።

ሚስተር ዛንደር ወደ አመራር ንግግር የገቡት ሙዚቃውን ሳይተዉ ነው። በ2000 ከወይዘሮ ሮዛመንድ ስቶን ዛንደር ጋር የጻፉትን "ዘ አርት ኦፍ ፖሲቢሊቲ" የተሰኘ መጽሐፍ ያወጣው የሙዚቃ አሳታሚ ሳይሆን የሃርቫርድ ቢዝነስ ትምህርት ቤት ማተሚያ ድርጅት ነበር። በዳቮሱ የዓለም ኢኮኖሚ መድረክ ላይ ተናግረዋል። በ2008 በቴድ ጉባኤ ላይ በፒያኖ የሾፓንን አጭር ሥራ እየተጫወቱ ያደረጉት ንግግር ደግሞ በኢንተርኔት ዓለምን አዳርሷል።

ገበያው ለምን ተፈጠረ?

የሙዚቃ ባለሙያ ሁለተኛ ገበያ እንዲፈልግ የሚገፋው ምክንያት በኢኮኖሚ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን በ1966 ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፣ በቤትሆቨን ዘመን አራት ሰዎች ይጫወቱት የነበረውን ሙዚቃ ዛሬም አራት ሰዎች ይጫወቱታል፤ የሚፈጀው ጊዜም ያው ነው። ፋብሪካ ማሽን እየለወጠ አንድ ሠራተኛ በቀን የሚያመርተውን ያበዛል፤ ደመወዝ ለመጨመርም አቅም ያገኛል። ኦርኬስትራ ግን ምርቱን ማብዛት ሳይችል በሌላው መስክ የሚወጣውን ደመወዝ መከተል ይገደዳል። ስለዚህ ወጪው ከቲኬት ሽያጭ እየበለጠ ይሄዳል፤ ልዩነቱም በስጦታና በድጎማ ይሸፈናል።

ንግግር ይህን ሒሳብ ይለውጠዋል። ሰማንያ ተጫዋች ማጓጓዝ አያስፈልግም፤ አንድ ሰውና አንድ ፒያኖ ይበቃሉ። ከፋዩም ከኪሱ ቲኬት የሚቆርጥ ተመልካች ሳይሆን ለሥልጠናና ለጉባኤ በጀት የያዘ ኩባንያ ነው። በመሀል የሚያገናኙ ወኪሎች አሉ፤ እነዚህም እንደ ማንኛውም ደላላ ከክፍያው ኮሚሽን ይወስዳሉ። መጽሐፉ ንግግሩን ያስተዋውቃል፤ ንግግሩ መጽሐፉን ይሸጣል።

የሚሸጠው ዕቃ

የሚስተር ዛንደር ዋነኛ ሐሳብ አጭር ነው። ወደ 20 ዓመት ገደማ ኦርኬስትራ ከመሩ በኋላ አንድ ነገር እንደተገለጠላቸው ይናገራሉ፤ ይኸውም በመድረኩ ላይ ካሉት ሁሉ ድምፅ የማያወጣው የሙዚቃ መሪው ብቻ መሆኑ ነው። ኃይሉ ያለው ሌሎቹን ኃይለኛ በማድረግ ችሎታው ላይ ነው። ዕቃ ለማይሠራ፣ ለማይሸጥና መኪና ለማይነዳ ሥራ አስኪያጅ ምሳሌው ወዲያው ይገባዋል።

ከዚህ ሐሳብ የወጡ ሁለት ልማዶች አሏቸው። አንደኛው በልምምድ ጊዜ በእያንዳንዱ የኖታ ማስቀመጫ ላይ ባዶ ወረቀት ማኖር ነው። ተጫዋቹ መሪው ቢያስተካክለው የተሻለ እጫወታለሁ የሚለውን ይጽፍበታል። ሐሳቡ ሥራ ላይ ሲውልም ሚስተር ዛንደር ባለቤቱን ያመሰግናሉ። ሁለተኛው ለተማሪዎቻቸው በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ለሁሉም "ኤ" መስጠት ነው። ተማሪው በበኩሉ ቀኑ በዓመቱ መጨረሻ የሆነ ደብዳቤ ይጽፋል፤ በደብዳቤውም ውጤቱ የተገባው ምን ዓይነት ሰው ስለሆነ እንደሆነ አስቀድሞ ያስረዳል። ዓላማው ተማሪው ማርክ ፈርቶ እንዳይሸማቀቅ ማድረግ ነው።

ኦርኬስትራ ጥሩ ምሳሌ ነውን?

እዚህ ላይ ገዢው ቆም ብሎ ማሰብ ይኖርበታል። የሃርቫርዱ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ሃክማን ከባልደረቦቻቸው ጋር በአራት አገሮች የሚገኙ ኦርኬስትራዎችን አጥንተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 እንደገለጹት፣ የኦርኬስትራ ተጫዋቾች የሥራ እርካታ ከ13 የሙያ ቡድኖች 7ኛ ሲሆን፣ ከአሜሪካ ፌዴራል እስር ቤት ጠባቂዎች ትንሽ ዝቅ ያለ ነው። ከውጭ ሲታይ የስምምነት ተምሳሌት የሆነው ቤት በውስጡ የሚያጉረመርም ሠራተኛ አለበት። የባዶ ወረቀቱም ጥቅም የሚታየው ይህ ሲታወቅ ነው።

ከዚህም በላይ የሙዚቃው ገበያ ተቃራኒ ትምህርቶችን ይሸጣል። በ1972 በኒውዮርክ የተመሠረተው ኦርፊየስ ቻምበር ኦርኬስትራ ያለ መሪ ይጫወታል። ለእያንዳንዱ ሥራ ጥቂት ተጫዋቾች ተመርጠው አቅጣጫ ያወጣሉ፤ ለሚቀጥለው ሥራ ደግሞ ተራው የሌሎች ይሆናል። ይህም አሠራር "ሊደርሺፕ አንሳምብል" በተሰኘው የ2001 መጽሐፍ ለሥራ አስኪያጆች ትምህርት ሆኖ ቀርቧል። እንግዲህ አንደኛው ጥሩ መሪ ሌላውን ያበረታል ሲል፣ ሌላኛው መሪው ጨርሶ ባይኖርም ይቻላል ይላል። ሁለቱም በየራሳቸው ቤት ሠርተዋል። ለገዢው ድርጅት የትኛው እንደሚስማማ ግን ተናጋሪው ሊያውቅለት አይችልም።

የጫማው ተረት

ሚስተር ዛንደር በ2008 ንግግራቸው መግቢያ ላይ አንድ የቆየ የነጋዴዎች ተረት አንስተው ነበር። ሁለት የጫማ ሻጮች ገበያ ሊያጠኑ ወደ አፍሪካ ይላካሉ። አንደኛው ሰዉ ጫማ ስለማያደርግ ተስፋ የለም ሲል፣ ሁለተኛው ገና ጫማ ስለሌላቸው ዕድሉ ሰፊ ነው ብሎ ቴሌግራም ይመታል።

ተረቱ አዳራሽ ያስጨበጭባል። የመርካቶ ነጋዴ ግን ሌላ ጥያቄ ይኖረዋል፤ ገዢው በእጁ ምን ያህል ገንዘብ አለው? ቆዳው ከየት ይመጣል? ዱቤውን ማን ይሸከማል? እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የቻይና ጫማ አዲስ አበባን ሲያጥለቀልቅ የአገር ውስጥ ጫማ ሠሪዎች ገበያቸውን መልሰው የያዙት የምርታቸውን ጥራት በማሻሻል ነበር። ቀና አመለካከት ባይኖራቸው ኖሮ ሱቃቸውን ዘግተው በሄዱ ነበር፤ ቀና አመለካከት ብቻ ቢኖራቸውም እንደዚያው። አነቃቂ ንግግር ገበያውን የሚያይ ዓይን ይሰጥ ይሆናል፤ መሥሪያ ካፒታልና የእጅ ሙያ ግን አይሰጥም።

ገዢው ምን ይጠይቅ?

ወጪው የተናጋሪው ክፍያ ብቻ አለመሆኑን ማስላት ያስፈልጋል። የአዳራሽና የመስተንግዶ ሒሳብ አለ። መቶ ሠራተኛ ግማሽ ቀን ቢቀመጥ ደግሞ 50 የሥራ ቀን ተከፍሏል ማለት ነው። ይህን ያህል የሚያወጣ ባለቤት ከውሉ በፊት ሦስት ነገሮችን ቢጠይቅ ይጠቀማል።

አንደኛ፣ ከንግግሩ በኋላ ባለው ሰኞ በመሥሪያ ቤቱ ምን የተለየ ነገር ይደረጋል? የሚያደርገውስ ማን ነው? መልሱ "መንፈሳቸው ይነቃቃል" ከሆነ የተገዛው መዝናኛ ነው፤ መዝናኛነቱ ታውቆ ቢከፈልበት ክፋት የለውም። ሁለተኛ፣ አለቃው ራሱ አዳራሹ ውስጥ ይቀመጣል ወይ? የሚስተር ዛንደር ትምህርት በዋነኛነት የሚነካው ከፊት የቆመውን ሰው ነውና፣ ሠራተኛውን ልኮ ቢሮው የሚቀር ሥራ አስኪያጅ መድኃኒቱን ለሌላ ሰው ማስዋጡ ነው። ሦስተኛ፣ ከሦስት ወር በኋላ ምን ተቆጥሮ ለውጡ ይታወቃል? የተመለሰ ዕቃ፣ የደንበኛ ቅሬታ፣ ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ ሁሉ የሚቆጠር ነው።

የሚስተር ዛንደር ጠቃሚ ዕቃ በነፃ ሊሞከር የሚችለው ነው። አንድ ደስጣ ወረቀት የሚገዛበት ገንዘብ ያለው ድርጅት ሁሉ ባዶውን ወረቀት በየጠረጴዛው ማስቀመጥ ይችላል። ክብደቱ ያለው አለቃው የተጻፈውን አንብቦ ጸሐፊውን ባለመቀየሙ፣ ትክክል ከሆነም በሰው ፊት በማመስገኑ ላይ ነው። ይህን ለአንድ ወር ሞክሮ ወረቀቱ ባዶውን የሚመለስለት ባለቤት፣ ሠራተኞቹ እንደሚፈሩት አወቀ ማለት ነው። ተናጋሪ ለመጥራት ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት የሚነጋገርበት ጉዳይም ያ ነው።