የሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚመራበት ሥነ ሥርዓትና ሕጉን ያብራሩት ፕሮፌሰር

ብዙ ሰው የሸሪዓ ፍርድ ቤት ሲባል ሁሉም ነገር በሸሪዓ ብቻ የሚከናወን ይመስለዋል። የኒካሕ፣ የፍቺ፣ የቀለብ፣ የውርስ ወይም የወቅፍ ጉዳይ ሲቀርብ ቃዲው የሚወስኑት በእርግጥ በእስልምና ሕግ ነው። ክሱ የሚቀርብበት፣ መጥሪያ የሚሰጥበትና ምስክር የሚሰማበት መንገድ ግን ሌላ ምንጭ አለው። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992 ፍርድ ቤቶቹ በሥራ ላይ ያለውን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ እንዲከተሉ ያዛል። ይህ ሕግ በ1958 ዓ.ም. የወጣውና መደበኛ ፍርድ ቤቶችም ዛሬ ድረስ የሚሠሩበት ነው።

ሕጉን በሰፊው ካብራሩት ምሁራን አንዱ አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ሮበርት ሴድለር ናቸው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ እ.ኤ.አ. በ1963 ሲከፈት አዲስ አበባ መጥተው እስከ 1966 አስተምረዋል። አዲሱ ሕግ የታወጀው እሳቸው እዚሁ እያሉ ነው። አብዛኛው ይዘቱ እ.ኤ.አ. በ1908 ከወጣው የሕንድ ሕግ ጋር ስለሚመሳሰል፣ ለኢትዮጵያ ተማሪዎችና ዳኞች የሚያስረዳ መጽሐፍ ያስፈልግ ነበር። ስለ ኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት በእንግሊዝኛ ያዘጋጁት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1968 ታትሟል።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ እስከ 1977 በኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያም በዲትሮይት በሚገኘው ዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በኬንታኪ ሳሉ በማስተማር ብቻ አልተወሰኑም። በሉዊቪል ከተማና አካባቢዋ ጥቁሮችና ነጮች ተማሪዎች ተለያይተው የሚማሩበት አሠራር እንዲቀር በተመሠረተው ክስ ጠበቃ ሆነው ተከራክረዋል። በሕገ መንግሥት የሰፈረ መብት እንኳ ክስ አቅርቦ፣ ማስረጃ አሰምቶ፣ ይግባኝ ብሎ የሚከራከርለት ሰው ካልተገኘ በወረቀት ላይ ይቀራል።

ይህ ለእኛም ቅርብ ጉዳይ ነው። ሕገ መንግሥቱ የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ የሚዳኘው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ መሆኑን ይደነግጋል። ተከሳሽ ፈቃደኛ ካልሆነ ቀርቦ መናገር አለበት፤ ያኔ ጉዳዩ ሥልጣን ወዳለው መደበኛ ፍርድ ቤት ይተላለፋል። መጥሪያ በአግባቡ ደርሶት ካልቀረበ ግን በአዋጁ መሠረት እንደፈቀደ ተቆጥሮ ክሱ በሌለበት ይሰማል። «አልሄድም» ብሎ ቤት መቀመጥ ተቃውሞ ሆኖ አይቆጠርም። ድርሻዋን የምትጠብቅ ወራሽም ሆነች ቀለብ የተጠየቀ አባት መጥሪያውን እንደ ተራ ወረቀት ሊያዩት አይገባም።

መጥሪያ ሳይደርሰው ወይም በበቂ ምክንያት ሳይቀርብ የተፈረደበት ሰውም በር አልተዘጋበትም። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 78 መሠረት ፍርዱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ፣ ፍርዱ እንዲነሳለት ለፈረደው ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል።